ዐይን ቢታለል ልብ አይታለልም

ከጥናት ጠረጴዛ ተነሥተን ሰውነታችንን ማሠራት ስንጀምር፥ ልማዱን ቶሎ የሚያስተወን ድካሙ ብቻ ሳይሆን መሰልቸቱም ነው። ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለውን መነጽር አድርገው ባለበት የሚቆም የስፖርት ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ይህን መሰልቸት ለማስወገድ ነው። አሳቡ የቈየ ነው፤ አሜሪካዊው ሞርተን ሃይሊግ እ.ኤ.አ. በ1962 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሴንሶራማ የተባለው መሣሪያ፥ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው በሞተር ብስክሌት የሚጓዝ ያስመስለው ነበር።

መነጽሩ ድካምን የሚያስረሳው እንዴት ነው? አእምሯችን ሁሉን በአንድ ጊዜ ሊያዳምጥ አይችልም። ዐይናችን ተራራና ባሕር ሲያይ፥ የእግራችንንና የትንፋሻችንን ስሞታ ችላ እንላለን። ይህም የሚሆነው እንቅስቃሴው ቀላል ወይም መካከለኛ ሲሆን ነው፤ ሲበረታ ግን የሰውነት ጩኸት ከሥዕሉ ይበልጣል።

ልብ እንበል፤ የሚቀለው የድካሙ ስሜት እንጂ የልብ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ስሜታችንን ብቻ ሳናምን የልባችንን ትርታ እንቍጠር። ዐይን ጉዞ እያየ፥ በጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ «ቆመናል» ሲል ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ያን ጊዜ መነጽሩን ማውለቅ ነው። በመሮጫ ማሽን ላይማ መሬቱን ሳያዩ መሮጥ ለውድቀት ይዳርጋል።

መነጽር የሌለንስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መምሪያ ለአዋቂዎች የመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ለዚህ ከጓደኛ ጋር ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል፤ ጨዋታውም እንደ መነጽሩ ድካምን ያስረሳል።