ጥንድ ኃይል፣ የነዳጅ ምጣኔና የአነዳድ ስልት፤ ስለ ሃይብሪድ ፒክ አፕ መኪና ስያሜዎች

1. መነሻ

በአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የላንቻ ሠፈር ስሙን የወረሰው እ.ኤ.አ. በ1906 በቶሪኖ ከተማ ከተቋቋመው የኢጣልያ መኪና አምራች ኩባንያ እንደ ሆነ ይነገራል። ላንቻ የኩባንያው መሥራች የቪንቼንሶ ላንቻ የቤተሰብ ስም ሲሆን በተራ ቃልነቱ ደግሞ በኢጣልያንኛ «ጦር» ማለት ነው። የሠፈሩ ስም ግን ዛሬ ጦርንም ሰውየውንም አያስታውስም፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ቀላል ባቡር እንኳ በዚሁ ስም የሚጠራ ጣቢያ አለው።

ከዚያው ምንጭ የቀዳው የሠፈሩ ስም ብቻ አይደለም፤ በጋራዦች የሚነገረው ቋንቋም ነው። ማርሽ፣ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ታርጋ፣ ሊብሬ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ በኢጣልያንኛ «ሻማ»፣ ጎማ የሚለብሰው ቸርኬም «ክብ» ማለት ነው። ባለሞያዎቻችን እነዚህን ቃላት የተቀበሉት ቋንቋቸውን ንቀው አይደለም። ዕቃውና ስሙ አብረው ስለ ገቡና እያንዳንዱ ስም አንድ የታወቀ ዕቃ ስለሚያመለክት ነው። ካንዴላ አምጣ የተባለ ረዳት ማርሚታ ይዞ አይመጣም።

በቅርብ ዓመታት የገባው «ሃይብሪድ» የሚለው ቃል ግን ይህ ጠባይ የለውም። በአሠራር፣ በነዳጅ ፍጆታና በአደገኛነት እጅግ የሚለያዩ ሦስት ዓይነት ተሽከርካሪዎች በዚህ አንድ ስም ይጠራሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቃሉ ባዕድ ስለ ሆነ ይጣል ለማለት ሳይሆን፣ ያልለየውን ለመለየትና ለየዓይነቱ ስያሜ ለማቅረብ ነው።

2. ሦስት ዕቃ በአንድ ስም

ሃይብሪድ የሚባለው ተሽከርካሪ፣ በጥቅሉ ሲነገር፣ በነዳጅ የሚሠራ ሞተርና ከባትሪ ኃይል የሚያገኝ የኤሌክትሪክ ሞተር በአንድነት የሚጠቀም ነው። በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የቤት አውቶሞቢል ቶዮታ ፕሪየስ ሲሆን በጃፓን መሸጥ የጀመረው በታኅሣሥ 1990 ዓ.ም. ነው። የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላታችን የታተመው በ1989 ዓ.ም. በመሆኑ ዕቃው ለገበያ የደረሰው ከመዝገቡ በኋላ ነው። በፒክ አፕ መኪናዎች ላይ በሰፊው መታየት የጀመረው ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

አንደኛው ዓይነት እንደ ባለ 48 ቮልቱ ቶዮታ ሃይሉክስ ያለው ነው። በዚህ መኪና ባለ 2.8 ሊትሩን የናፍታ ሞተር 12 ኪሎዋት ኃይል ያለው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ያግዘዋል። ኤሌክትሪኩ ብቻውን መኪናውን አይነዳም፤ ሲነሣ ይደግፋል፣ ሲቆም ሞተሩ እንዲያርፍ ያስችላል። ስለዚህ የሚገኘው ቁጠባ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው እንደ ፎርድ ማቨሪክ ያለው ነው። ይህ በዝግታ ሲሄድና ርቀቱ አጭር ሲሆን በኤሌክትሪክ ብቻ ሊጓዝ ይችላል። ሆኖም ባትሪው 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ የሚሞላውም ከነዳጅ ሞተሩና መኪናው ሲገታ ከሚመለሰው ኃይል እንጂ ከግድግዳ ሶኬት አይደለም። ስለዚህ መኪናው የሚሄድበት ኃይል ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከቤንዚን የመጣ ነው።

ሦስተኛው በ2016 ዓ.ም. በሜክሲኮ ለገበያ እንደ ቀረበው ቢዋይዲ ሻርክ ያለው ነው። ባትሪው ከ29 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይይዛል፤ ከሶኬትም ይሞላል። በአምራቹ ፍተሻ መሠረት አንድ ሙሌት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ሳይሞላ የሚነዳ ከሆነ ግን ከባድ ባትሪ የተሸከመ የነዳጅ መኪና ከመሆን ብዙም አይርቅም።

እንግዲህ ለገዢው «ሃይብሪድ ነው» ብቻ ከተባለ ምን እንደ ተሸጠለት አያውቅም። ከቤቱ ሶኬት ሞልቶ የሚነዳ መኪና የገዛ መስሎት፣ ከናፍታ የማይላቀቅ መኪና ሊረከብ ይችላል። ለጋራዡ ባለሞያ ነገሩ ከዚህም የከበደ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓይነት መኪናዎች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚሸከሙ፣ ብርቱካንማ ሽፋን የለበሱ ገመዶች ተዘርግተዋል። በ48 ቮልቱ ላይ የለመደውን አሠራር በእነዚህ ላይ የሚደግም ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስያሜው መለየት ያለበት ስለዚህ ነው።

3. ስለ ጥንድ ኃይል

ሃይብሪድ የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሚያመለክተው ከለማዳ እሪያና ከዱር እሪያ የተወለደውን ነበር። ቀጥተኛ አቻው እንግዲህ «ዲቃላ» ነው። ይህ ቃል ግን በሰው ላይ ሲነገር ስድብ ስለ ሆነ ለስያሜ አይመችም። ከእርሱ የወጣው «ድቅል» በእርሻ ለዘር ሲያገለግል ቆይቷል፤ ትርጉሙም የሁለት ወላጆች ባሕርይ በአንድ አካል መዋሐድ ነው። በመኪናው ውስጥ ግን ሁለቱ ሞተሮች አልተዋሐዱም፤ እያንዳንዱ በራሱ ቆሟል።

«ቅይጥ» የሚለውም ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ «ቅይጥ ነዳጅ» ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው የተቀላቀለ ፈሳሽ ነው፤ አገራችንም ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በፊንጫ የተመረተ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ስትቀላቅል ስለ ነበር ቃሉ ከዚያ ጋር ይጋጫል።

ከሁሉ የተሻለ ሆኖ የተገኘው «ጥንድ» ነው። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ጥንድ ይባላሉ። አንዱ ለመነሣት ብርቱ፣ ሌላው ለመዝለቅ ጽኑ ሊሆን ይችላል፤ ገበሬውም ሁለቱን አስማምቶ ያርሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ለመነሣት ብርቱ ነው፤ የነዳጅ ሞተር ደግሞ በረጅም መንገድ ይዘልቃል። ስለዚህ «ባለ ጥንድ ኃይል ተሽከርካሪ» የሚለው ስያሜ አሠራሩን ሳይተረጎም ይናገራል። ሦስቱ ዓይነቶችም «አጋዥ»፣ «ሙሉ» እና «ተሰኪ» በሚሉ ቅጽሎች ይለያሉ።

4. ፍጆታና ምጣኔ

አሽከርካሪዎቻችን «በሊትር ስንት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ምጣኔ ነው፤ ማለትም በተወሰነ ነዳጅ የሚገኝ ርቀት። የአውሮፓ ልማድ ደግሞ ለ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚያስፈልግ መናገር ነው፤ ይህም ፍጆታ ነው። ሁለቱ የአንድ ነገር ሁለት ገጽ ቢሆኑም ተራ ንግግር ሁለቱንም «ቁጠባ» እያለ ያደባልቃቸዋል።

መደባለቁ ገንዘብ ያሳስታል። በሊትር 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 10 ወደሚሄድ ቢለወጥ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገው ነዳጅ ከ12.5 ወደ 10 ሊትር ይወርዳል፤ 2.5 ሊትር ተረፈ ማለት ነው። በሊትር 16 የሚሄደው ወደ 20 ቢያድግ ግን ፍጆታው ከ6.25 ወደ 5 ይወርዳል፤ የሚተርፈው 1.25 ሊትር ብቻ ነው። በጆሮ ሲሰማ 4 ኪሎ ሜትር የጨመረው ይበልጣል፤ በኪስ ግን 2 የጨመረው እጥፍ ያተርፋል። የቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከ100 ብር ስላለፈ፣ ለስሌት እንዲመች ሊትሩን በ100 ብር ብንቆጥር፣ ልዩነቱ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 250 ብርና 125 ብር ይሆናል። ስለዚህ መኪና ለማወዳደር ፍጆታ የሚለው ቃል ይመረጣል።

በአሜሪካ መንግሥት ፍተሻ መሠረት እ.ኤ.አ. የ2022ቱ ማቨሪክ ጥንድ ኃይል ሲሆን በከተማ 5.6፣ በአውራ ጎዳና 7.1 ሊትር ለ100 ኪሎ ሜትር ይፈጃል። በነዳጅ ብቻ የሚሠራው የዚያው መኪና ዓይነት በከተማ 10.2፣ በአውራ ጎዳና 7.8 ሊትር ይፈጃል። ቁጠባው በከተማ 4.6 ሊትር ሲሆን በአውራ ጎዳና 0.7 ብቻ ነው። ጥንድ ኃይል የሚያተርፈው እንግዲህ በመቆምና በመነሣት መካከል ነው፤ በላንቻ መጨናነቅ ውስጥ ለሚውል መኪና ብዙ፣ ሌሊቱን ሙሉ በረጅም መንገድ ለሚሮጥ ግን ጥቂት ያተርፋል።

5. ስልትና ጠባይ

በዘመኑ ፒክ አፕ መኪናዎች ውስጥ አሽከርካሪው የሚመርጣቸው የአነዳድ ዓይነቶች አሉ። ለእነዚህ «ዘዴ»፣ «ሁናቴ»፣ «ስልት» የሚሉ አቻዎች ቀርበዋል። ሁናቴ ነገሩ ያለበትን ሁኔታ እንጂ የሰውን ምርጫ አያሳይም፤ ዘዴ ብልሃት የሚል ድምፀት አለው። ስልት ግን ታስቦ የሚመረጥ አካሄድ ስለ ሆነ ይስማማል።

ስልት ከአነዳድ ጠባይ ሊለይ ይገባል። የቁጠባ ስልት ሲመረጥ የነዳጅ መስጫው ፔዳል ምላሽ ይለዝባል፤ በብዙ መኪናዎችም የማቀዝቀዣው ፍጆታ ይቀንሳል። ሞተሩ ግን አልተለወጠም። በእኩል ፍጥነት በሜዳ ለሚጓዝ መኪና የሚያስፈልገው ኃይል በየትኛውም ስልት ያው ነው። ስልቱን መርጦ ፔዳሉን እስከ ወለል የሚረግጥ አሽከርካሪ ምንም አልቆጠበም። የጭነትና የጉተታ ስልት ደግሞ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ ነዳጅ ሊጨምር ይችላል፤ ጥቅሙ በቁልቁለት ፍሬን እንዳይግል መጠበቁ ነው። ቁጠባ የሁሉም ስልት ዓላማ አይደለም።

የኤሌክትሪክ ስልትም ባትሪው ሲዳከም ወይም ፔዳሉ ሲበረታ ሥራውን ለነዳጅ ሞተሩ ይለቃል። ስለዚህ ስያሜው «የኤሌክትሪክ ቅድሚያ ስልት» ቢባል ከእውነቱ ይቀርባል።

6. መላሽ ፍሬንና የአገሩ ከፍታ

የኤሌክትሪክ ሞተሩ መኪናው በሚገታበት ጊዜ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ይህን «ኃይል መላሽ ፍሬን» ብለነዋል። አዲስ አበባ ለዚህ አሠራር የተመቸች ከተማ ናት። ከእንጦጦ ጋራ ወደ ላንቻ ሲወረድ የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነው። 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። አየርና ጎማ የሚወስዱት ተቀንሶም ቢሆን የሙሉ ጥንድ ኃይሉ 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ሊሞላና የቀረው በተለመደው ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ሊባክን ይችላል፤ የተሰኪው ባትሪ ግን ቀድሞ ሞልቶ ካልሆነ በቀር ቦታ አለው። በከተማችን ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ይሳሳል። ይህም ተርቦ የሌለውን የነዳጅ ሞተር ያዳክማል፤ የኤሌክትሪኩን ግን አይነካም።

7. የቀረቡት ስያሜዎች

ጥንድ ኃይል፡- የነዳጅና የኤሌክትሪክ ሞተር ተባብረው የሚሠሩበት አሠራር።

አጋዥ ጥንድ ኃይል፡- ኤሌክትሪኩ የሚደግፍ እንጂ ብቻውን የማይነዳ።

ሙሉ ጥንድ ኃይል፡- ለአጭር ርቀት በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ፣ ከሶኬት የማይሞላ።

ተሰኪ ጥንድ ኃይል፡- ባትሪው ከሶኬት የሚሞላ።

የነዳጅ ፍጆታ፡- ለ100 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልግ ሊትር።

የነዳጅ ምጣኔ፡- በአንድ ሊትር የሚገኝ ኪሎ ሜትር።

የነዳጅ ቁጠባ፡- በሁለት ፍጆታዎች መካከል ያለ ልዩነት።

የአነዳድ ስልት፡- መኪናው ለአሽከርካሪው የሚያቀርበው ምርጫ።

የአነዳድ ጠባይ፡- የአሽከርካሪው የራሱ ልማድ።

ኃይል መላሽ ፍሬን፡- መገታትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ አሠራር።

ሃይብሪድ የሚለውን ቃል ከአፍ ለማስጣል አልተሞከረም፤ ፍሬንና ካንዴላ እንደ ኖሩ ይኖር ይሆናል። የሚጠየቀው ቢያንስ «የትኛው ሃይብሪድ? አጋዥ፣ ሙሉ ወይስ ተሰኪ?» ማለት እንዲለመድ ነው። ይህ ጥያቄ የገዢውን ገንዘብና የባለሞያውን እጅ ያድናል። ስያሜ የሚጸናው በመዝገብ ስለ ተጻፈ ሳይሆን በጋራዥ ስለ ተነገረ ነውና፣ ከዚህ የሚሻል ቃል በሥራ ላይ የሰማ አንባቢ ቢያሳውቅ ሐሳቡ በአክብሮት ይመዘናል።