ለሽቅብና ለቁልቁለት፦ የፒካፕ ካሶኒ ላይ የማሰሪያ ቀለበት ስለ መግጠም

በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ መስመር ፒካፕ ይዛችሁ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ገመዱ አዲስ ነው፣ ጠበቅ አድርገን ነው ያሰርነው፤ ታዲያ ጭነቱ ለምን ይሄዳል?» ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ አይደለም። ገመዱ የታሰረበት ቦታ ነው።

ሃይሉክስም ሆነ ላንድክሩዘር ፒካፕ፣ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ከካሶኒው ውጭ በግራና በቀኝ መንጠቆ አላቸው። መንጠቆዎቹ ሸራ ለመወጠርና ጭነትን ከላይ ወደ ታች ለመጫን የታሰቡ ናቸው። ለሜዳ መንገድ ይበቃሉ። የእኛ አገር መንገድ ግን ሜዳው ጥቂት ነው። ከደባርቅ፣ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ተነስታችሁ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ ስትወጡ 3,600 ሜትር ድረስ ትደርሳላችሁ። በሌላው በኩል ከወልቅፊት ቁልቁል የጣሊያን ወረራ ዘመን የተጠረገው ሊማሊሞ አለ፤ ጥምዝ በጥምዝ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ ጭነታችን አንድም ወደ ኋላ በር ያጋድላል፣ አንድም ወደ ጋቢና ይገፋል። ከላይ ብቻ የተጫነ ገመድ ሁለቱንም በቅጡ አይከለክልም፤ ጭነቱን የሚይዘው ከካሶኒው ወለል ጋር ባለው ሰበቃ ብቻ ነውና። ወለሉ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ካለ ወይም ዝናብ ከገባበት ሰበቃው በጣም ይቀንሳል።

የሰሜን ተራራ ጫኞች ይህን ከመኪና በፊት ያውቁታል። በቅሎዋ ቁልቁለት ስትወርድ ጭነቱ ወደ አንገቷ እንዳይመጣ በጅራቷ ስር የሚያልፍ ማሰሪያ አለ፤ ሽቅብ ስትወጣ ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይሄድ በደረቷ በኩል የሚይዝ ሌላ አለ። የወገቡ ማሰሪያ ብቻውን እንደማይበቃ ያውቃሉ። ፒካፑም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ጉልበቱን በቁጥር እንየው። በአውሮፓም በአሜሪካም የጭነት አስተሳሰር ደንብ የሚነሳው ጭነቱ ወደ ፊት የክብደቱን 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 በመቶ ያህል ሊገፋ ይችላል ከሚል ስሌት ነው። ናፍጣ የሞላ ባለ 200 ሊትር በርሜል ከነብረቱ 190 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት 150 ኪሎ ያህል ይገፋል ማለት ነው። ከፊቱ ያለው የካሶኒው ስስ ላሜራና የጋቢናው የኋላ መስታወት ነው። ከመስታወቱ በኋላ ሰው አለ። ለዚህ ነው ነገሩን እንዲህ አጥብቄ የምጽፈው።

አሁን ወደ ሥራው። ለእኔ ትክክለኛው ቁጥር ስድስት ቀለበት ነው፤ ሁለት ከጋቢናው ሥር በማዕዘኖቹ፣ ሁለት መሐል፣ ሁለት ከኋላ በሩ ትንሽ ገባ ብሎ። በሩ ራሱ ላይ ምንም አትግጠሙ፤ የሚይዘው ማጠፊያውና መቆለፊያው ብቻ ነው። ሁሉም ቀለበት ከወለሉ ጋር ይሁን። ቁልቁለት ስትወርዱ ገመዱ በርሜሉን ከፊት በኩል ከወገቡ ከፍ ብሎ አቅፎ ወደ ኋላኞቹ ቀለበቶች ይሂድ። ሽቅብ ስትወጡ ከኋላ አቅፎ ወደ ፊተኞቹ። ከዳባት ተነስቶ ዛሪማ የሚወርድ ሰው ሁለቱንም ይሰር፤ መንገዱ ወጥቶ ነው የሚወርደው።

ወለሉን ከመብሳታችሁ በፊት መኪናው ሥር ግቡ። ከካሶኒው ወለል በታች አግድም የሚያልፉ ብረቶች አሉ፤ ቀለበቱ እነሱ ላይ ወይም እነሱ አጠገብ ቢውል ይመረጣል። የነዳጅ ታንከሩን፣ የፍሬን ቱቦውንና የመብራት ሽቦውን መስመር በኖራ ላዩ ላይ ምልክት አድርጉ። ትራፓኖ ታንከር ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ካሶኒውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ቡሎኖች ለቀለበት በሚመች ቦታ ከሆኑ ከሁሉም የሚሻለው እዚያው ላይ መጠቀም ነው፤ ተመሳሳይ ጥርስ ያለው ረዘም ያለ ቡሎን ገዝታችሁ የቀለበቱን ሳህን ከሥሩ ታስገባላችሁ። አዲስ ቀዳዳም አይኖርም።

አዲስ ቀዳዳ የግድ ከሆነ ባለ 10 ቡሎን፣ ማለትም 17 ቁልፍ የሚፈታው፣ ራሱ ላይ 8.8 የሚል የተጻፈበት ይሁን። እንዲህ ያለ አንድ ቡሎን ከ3 ቶን በላይ ሲሳብ ቅርጹን አይለውጥም። ስለዚህ ቀድሞ የሚለቀው ቡሎኑ ሳይሆን ላሜራው ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ላሜራ በትንሽ ሮንዴላ ላይ ሲሳብ ይቀደዳል። መድኃኒቱ ከሥር 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ በአራቱም ጎን 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳህን ማድረግ ነው። በአንድ ቀለበት ቢያንስ ሁለት ቡሎን፣ በላስቲክ የሚነክስ ዳዶ። የቀዳዳውን ጠርዝ ሞርዳችሁ አንቲረስት ቀቡት፤ የደባርቅ ጉምና ክረምት ያልተቀባ ብረት ላይ ምሕረት የለውም።

ቀለበቱን በያጅ ቤት ማሠራት ይቻላል። 12 ሚሊሜትር ልሙጥ ብረት በዩ ቅርጽ ታጥፎ ሁለቱም እግሮቹ ሳህኑ ላይ ዙሪያውን ይበየዱ። ፌሮ አይሁን፤ ጥርሱ ገመድ ይበላል። ብየዳው ጠረጴዛ ላይ አልቆ ይምጣ። ካሶኒው ላይ መበየድ ቀለሙን ከላይም ከታችም አቃጥሎ ዝገት ይጠራል፤ ባትሪው ሳይነቀል ከተበየደ ደግሞ የዘመኑን መኪና ኮምፒውተር ሊያበላሽ ይችላል። ሱቅ የሚሸጠውን ባለ ቀለበት ቡሎን የምትገዙም ተጠንቀቁ። እሱ የተሠራው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲሳብ እንዲይዝ ነው፤ በ45 ዲግሪ አጋድሎ ሲሳብ አቅሙ ወደ ሩብ አካባቢ ይወርዳል። ጭነት ደግሞ ሁልጊዜ አጋድሎ ነው የሚስበው።

ስለ ገመዱም ትንሽ ልበል። ናይለን ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ጠዋት ደባርቅ ላይ የጠበቀው ጉም ውስጥ ካለፈ በኋላ ላልቶ ታገኙታላችሁ። ጠፍጣፋው የፖሊስተር ቀበቶ ከነመወጠሪያው ይሻላል። ካሶኒው ወለል ላይ የአሮጌ ጎማ ንጣፍ ብታደርጉ ሰበቃውን በእጅጉ ይጨምረዋል፤ ወጪው ከሁሉም ያነሰ ነው። ለገብስ ኩንታል ይህ ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል፤ ጆንያ እርስ በርሱ ይያያዛል። ለበርሜል፣ ለጋዝ ሲሊንደር፣ ለጄኔሬተርና ለሞተር ብስክሌት ግን የግድ ነው። ደግሞም ምንም ያህል ቢታሰር ጭነት ላይ ሰው አታስቀምጡ።

ቀለበቶቹ ከተገጠሙ በኋላ የመጀመሪያውን የሳንቃበርና የጨነቅ መንገድ ስትጨርሱ ዳዶዎቹን በሙሉ እንደገና አጥብቁ፤ ቀለሙ ስለሚተኛ መላላታቸው አይቀርም። ጭነት ይዛችሁ ሊማሊሞን ከመጀመራችሁ በፊት ወልቅፊት ላይ ቆማችሁ ቀበቶውን በእጃችሁ ሳቡት። የት እንደምትበሱ ያልተረጋገጠላችሁ የካሶኒውን ሥር በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንስታችሁ ከነመኪናው ዓይነት ላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።