ጥፋቱ የእግሯ ነው ወይስ የፔዳሉ?

የቪዲዮ ጨዋታ ድራምን ፔዳል በቤትዎ የሚያጠናክሩበት መንገድ

ልጅዎ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ የፕላስቲክ ድራም ሲመታ አይተው ያውቃሉ? እጆቹ ይሮጣሉ፣ ትከሻው ከዘፈኑ ጋር ይወዛወዛል። ከዚያ ድንገት ፊቱ ይኮሳተርና ዱላውን ያስቀምጣል። ምን ሆንክ ብለው ሲጠይቁት «እግሬ እምቢ አለኝ» ይልዎታል።

በእኛ ቤት ይህን ያለችው የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ናት። አጎቷ ከአሜሪካ ሲመጣ ልጆቹ ያደጉበትን የጨዋታ ድራም በሻንጣ ይዞላት መጣ። የመጀመሪያው ወር ደስታ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ቀላል የሚባሉት ዘፈኖች እንኳ ከመሃል እየተቋረጡባት ተቸገረች። እኔም እንደ አባት ልምከራት ብዬ «ትኩረት ስለማትሰጪ ነው፤ ደጋግመሽ ተለማመጂ» አልኳት። እሷም ተለማመደች። ሁለት ሳምንት ሙሉ የቤት ሥራዋን እየጨረሰች ተለማመደች። በመጨረሻ «እኔ ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም» ብላ ተወችው።

አንድ ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ ፔዳሉን ገለበጥኩት። ከሥሩ፣ ተረከዝ ከሚያርፍበት እስከ መሃሉ ድረስ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበረው። ስትረግጠው ፕላስቲኩ ይለመጣል እንጂ ምቱን አያደርስም። ልጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ የተቀጣችው በተሰነጠቀ ፕላስቲክ ጥፋት ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፍልዎ በእርስዎ ቤት እንዳይደገም ነው።

መጀመሪያ መሣሪያውን እንወቀው

የዚህ ዓይነት ጨዋታ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 «ጊታር ሂሮ» ሲወጣ ነው። ያን ጨዋታ የሠራው ሃርሞኒክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በኅዳር ወር 2007 (እ.ኤ.አ.) «ሮክ ባንድን» ሲያወጣ ከጊታሩ ጎን ድራምና ማይክሮፎን ጨመረ። በዓመቱ «ጊታር ሂሮም» የራሱን ድራም ይዞ መጣ። ዛሬ እነዚህ ዕቃዎች በአብዛኛው የሚገኙት በሁለተኛ እጅ ነው። ስለዚህ ወደ እጅዎ የሚገባው ፔዳል ብዙ ዓመት የተረገጠ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

በ«ሮክ ባንድ» ድራም ላይ አራት ክብ መምቻዎች አሉ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ። በስክሪኑ ላይ በየቀለማቸው የሚወርዱት ምልክቶች የእጅ ናቸው። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የሚመጣው ብርቱካናማ መስመር ደግሞ የእግር ነው።

የእግሩ ምት ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የእኛን ከበሮ ያስቡ። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ወፍራሙን ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭኑን ይሰጣል። ሰፊውን ፊት ያልመታ ሰው ዘፈኑን አላቆመውም። በዘመናዊ ድራም ይህን ሥራ የሚሠራው በእግር የሚመታው ባስ ድራም ነው።

አሁን ሒሳቡን ይሥሩ። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን፣ ልጅዎ በየሁለት ምቱ አንድ ጊዜ ብቻ ቢረግጥ፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ 240 ጊዜ ይረግጣል። በአንድ ቅዳሜ አሥር ዘፈን ቢጫወት 2,400 ጊዜ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው አንድ የፕላስቲክ ጠፍጣፋና አንድ ሞላ ነው። የ2008ቱ «ሮክ ባንድ 2» ፔዳል በብረት ተጠናክሮ የወጣው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት አይግዙ

ካቻቪቴ ከማንሳትዎ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች ይመልከቱ።

አንደኛ፣ የሚዘገየው የእግሩ ምት ብቻ ነው ወይስ የእጁም ጭምር? ሁሉም እኩል የሚዘገይ ከሆነ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ሊሆን ይችላል። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ምስሉን አስተካክለው እስኪያወጡ ድረስ ጥቂት ይዘገያሉ። በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ለጨዋታ የተዘጋጀውን አማራጭ ይምረጡ፤ በጨዋታውም ውስጥ ድምፅና ምስልን የሚያገጣጥመውን ክፍል ይጠቀሙ። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣዎትም።

ሁለተኛ፣ ገመዱን ሲነካኩት ሳይረገጥ ምት የሚቆጠር ከሆነ ችግሩ ገመዱ ወይም መሰኪያው ነው።

ሦስተኛ፣ አንዴ ሲረገጥ ሁለት ጊዜ የሚቆጥር ወይም ቶሎ የማይመለስ ከሆነ ሞላው ደክሟል።

አራተኛ፣ አጥብቀው ሲረግጡት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ገልብጠው ስንጥቅ ይፈልጉ። እንደ እኛው ሊሆን ይችላል።

ውስጡ ምን አለ?

ፔዳሉን ሲፈቱት የሚያገኙት ነገር ያስገርምዎታል። በ«ሮክ ባንድ» ዓይነቶቹ ላይ፣ በሚረገጠው ጠፍጣፋ ላይ ትንሽ ማግኔት፣ ከታች ባለው መቀመጫ ላይ ደግሞ አነስተኛ ማብሪያ ይገኛል። ይህ ማብሪያ «ሪድ ስዊች» ይባላል። በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሁለት የብረት ምላሶች አሉ፤ ማግኔቱ ሲጠጋቸው ይነካካሉ፣ ሲርቅ ይለያያሉ። ጨዋታው አንድ ምት ብሎ የሚቆጥረው ያንን መነካካት ነው። በሌሎች ዓይነቶች ላይ ደግሞ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ «ፒየዞ» የሚባል መሣሪያ ይኖራል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ጠፍጣፋው ከተለመጠ ማግኔቱ ከማብሪያው አጠገብ አይደርስም። ልጅዎ በትክክለኛው ሰዓት ቢረግጥም ጨዋታው አላየሁም ይላል።

ርካሹ መፍትሔ፦ አንድ ቁራጭ አልሙኒየም

በየሰፈሩ የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ቁርጥራጭ ይተርፋቸዋል። ፔዳሉን ይዘው ይሂዱና ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከሚረገጠው ጠፍጣፋ በትንሹ የሚያንስ ቁራጭ እንዲቆርጡልዎ ይጠይቁ። ጠርዙን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፤ ልጆች ብዙ ጊዜ በባዶ እግር ነው የሚጫወቱት።

«ለምን ላሜራ አላደርግም? ይበልጥ ጠንካራ አይደለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። ጠንካራ ነው፤ ግን ብረት የማግኔቱን ጉልበት ወደ ራሱ ይስባል፣ ማብሪያውም ሊሳሳት ይችላል። አልሙኒየም ማግኔት አይስበውም። ደግሞም ቀላል ስለሆነ ሞላው አይከብደውም።

ቁራጩን ከላይ ያድርጉትና አራት ማዕዘኑን በትራፓኖ ይብሱ። አጫጭር ቡሎኖችን ከሮንዴላና ከዳዶ ጋር ይሰሩ። ቀጥሎ ፔዳሉን በእጅዎ እስከ መጨረሻው ይጫኑት። የቡሎኑ ጫፍ የታችኛውን መቀመጫ የሚነካ ከሆነ ረዝሟልና ያሳጥሩት። ማግኔቱ ያለበትን ቦታ አይብሱ፤ ገመዱ የሚያልፍበትንም አስቀድመው ይዩ። ሥራው በሙሉ ከአንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ አይበልጥም።

ከሥሩ ደግሞ ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ይለጥፉበት። በሴራሚክ ወለል ላይ ፔዳሉ ወደ ፊት እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ ከጎማው በታች ወፍራም ምንጣፍ ይጨምሩ። እርስዎ የማይሰሙት የእግር ምት ለታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ላይ እንደሚወቀጥ ሙቀጫ ነው።

ከፍ ያለ ደረጃ፦ የእውነተኛ ድራም ፔዳል

ልጅዎ ነገሩን ከጨዋታ አልፎ የወደደው ከመሰለዎት የእውነተኛ ድራም የብረት ፔዳል መግዛትን ያስቡበት። ማግኔቱን በሚንቀሳቀሰው ክፍል ላይ፣ ሪድ ስዊቹን በማይንቀሳቀሰው ላይ ማሰር ይቻላል። ነገ እውነተኛ ድራም ቢገዛ ፔዳሉ አብሮት ይሄዳል።

ለኤሌክትሮኒክስ ድራም የተሠራ ፔዳል የሚገዙ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ይጠይቁ። የመጀመሪያው መሰኪያው ነው። የ«ሮክ ባንድ» ፔዳል መሰኪያ 3.5 ሚሊ ሜትር፣ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ዓይነት ነው፤ የሙዚቃ መሣሪያዎች ግን በአብዛኛው ወፍራሙን 6.35 ሚሊ ሜትር ስለሚጠቀሙ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ውስጡ ነው። ማብሪያ የሚጠብቅ ድራም ላይ የፒየዞ ፔዳል ቢሰኩ በቀጥታ አይግባቡም። ሻጩ ካላወቀ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በቴስተር ሊለይልዎት ይችላል። ሲረገጥ መስመሩ የሚገናኝ ከሆነ ማብሪያ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በቤትዎ ሕፃን ካለ የተፈታ ማግኔት ጠረጴዛ ላይ አይተዉ። ከአንድ በላይ ትናንሽ ማግኔቶች የዋጠ ልጅ አንጀቱ ውስጥ እርስ በርሳቸው ተሳስበው ከባድ ጉዳት ያደርሱበታል። ተውጦ ከተጠራጠሩ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

አቀማመጥም ይቆጠራል

ፔዳሉ ተጠገነ ማለት ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። ወንበሩን ጭኑ ከጉልበቱ በትንሹ ከፍ እንዲል አድርገው ያስተካክሉ። ረግጦ እዚያው የሚቀር እግር ለቀጣዩ ምት አይደርስም፤ ስለዚህ ረግጦ መልቀቅን ያለማምዱት። መጀመሪያ በእግር ብቻ፣ ቀጥሎ አንድ እጅ ጨምሮ፣ በመጨረሻ በሁለቱም ይሁን።

እኛ ቤት ፔዳሉን የጠገንነው ሁለታችን ነን። እሷ ቡሎኑን ያዘች፣ እኔ ዳዶውን አጠበቅኩ። ሥራው ሳይጀመር ግን አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ አልኩትም። «የኔ ልጅ፣ ያን ጊዜ ያልቻልሽው አንቺ አልነበርሽም። እኔ ሳላይ ነው የፈረድኩብሽ።» መልስ አልሰጠችኝም። የተሰነጠቀውን ቦታ በጣቷ ስትዳስስ ቆይታ «ታዲያ እስካሁን በዚህ ነው ስጫወት የነበረው?» አለችኝ።

ያን ዕለት ማታ አቋርጣው የነበረውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ተጫወተችው። አምስት ምት አመለጣት። አምስቱም የእሷ ነበሩ፤ እሷም ታውቃለች፤ ስለዚህ ሳትናደድ እንደገና ጀመረች።

ዛሬ ማታ ልጅዎ ዱላውን አስቀምጦ «አልችልም» ካለዎት ከምክሩ በፊት ፔዳሉን ገልብጠው ይዩለት።