እውነት ወይስ ተረት? «ሬዲዮው ላይ ተለማማጅ አለ» ሲባል

«አውሮፕላናችንን ለጀማሪ ሰጡት!» የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ማማ ውስጥ ገና የሚማር ሰው ከአብራሪ ጋር እንደሚነጋገር የሰማ መንገደኛ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። የሚታየው መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ መሪ የጨበጠ ጎረምሳ ነው።

ይህ ግን ተረት ነው። ተለማማጁ እውነተኛ ትራፊክ ፊት የሚቀመጠው ትምህርቱንና የሲሙሌተር ልምምዱን ጨርሶ ነው። ያኔም ፈቃድ ያለው አሰልጣኝ አጠገቡ ሆኖ፣ የራሱን ማዳመጫ እዚያው ሰክቶ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፤ ካስፈለገም አቋርጦ ራሱ ትእዛዝ ይሰጣል። ኃላፊነቱም የአሰልጣኙ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት፣ በማማ ለመሥራት ብቁ የሚባለው እንዲህ በክትትል ሥር ቢያንስ 90 ሰዓት ወይም አንድ ወር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን የሠራ ነው።

«አሰልጣኝ ካለ ምንም አይፈጠርም» የሚለውስ? እሱም ተረት ነው፤ እኔ አብልጬ የምፈራውም ይህኛውን ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1998፣ አምስተርዳም ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ። ዕይታው ደካማ ነበር። የዴልታ ቦይንግ 767 ለመነሳት እየተንደረደረ ሳለ፣ እየተጎተተ ማኮብኮቢያውን የሚያቋርጥ ቦይንግ 747 አብራሪዎቹ ፊት ለፊታቸው አዩ። ፍሬን ይዘው ቆሙ፤ ማንም አልተጎዳም። የመነሳት ፈቃዱ ሲሰጥ ማማው ላይ ተለማማጅም አሰልጣኝም ነበሩ። ተጎታቹ ተሻግሮ ያለፈ መስሏቸው ነበር።

አሰልጣኝነት የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ቶሎ ጣልቃ ከገባ ተለማማጁ ከስህተቱ አይማርም፤ በየደቂቃው የሚነጠቅ ሰው በራሱ መወሰን አይለምድም። ከዘገየ ደግሞ ለማረሚያ የሚሆን ጊዜ አይተርፍም። ስለዚህ አሰልጣኙ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ይከታተላል፦ አውሮፕላኖቹን፣ እንዲሁም ተለማማጁ ስለ አውሮፕላኖቹ በልቡ የያዘውን ሥዕል። የተለማማጁን ሥዕል ሳያጣራ ከተቀበለ ግን ሁለት ሰው ተቀምጦ የሚያየው አንድ ዓይን ብቻ ይሆናል።

ከስኪፖሉ ክስተት በኋላ ተለማማጇ፣ አሰልጣኙና ረዳቱ ተቆጣጣሪ ፍርድ ቤት ቀረቡ። «የተሳሳተው ይቀጣና ችግሩ ያበቃል» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ሰው ስህተቱን በግልጽ ካልተናገረ ሌላው አይማርበትም፤ ክስ የሚፈራ ደግሞ አይናገርም።

ልምድ ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ለማየት ወደ አሜሪካ እንሂድ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 2009 በኒውዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላንና አስጎብኚ ሄሊኮፕተር ተጋጭተው 9 ሰዎች ሞቱ። አብራሪዎች በዓይን ተያይተው የመተላለፋቸው አሠራር ውስንነት እንዳለበት መርማሪዎቹ አረጋገጡ። ከአደጋው መንስኤዎች መካከልም በቴተርቦሮ አውሮፕላን ማረፊያ ማማ የነበረውን ተቆጣጣሪ የግል ስልክ ወሬ ጠቀሱ። እሱ ተለማማጅ አልነበረም። የፈረቃው ኃላፊ ግን በዚያ ሰዓት ከማማው ወጥቶ ነበር።

የፈረቃ መርሐ ግብር የምታወጡ ኃላፊዎች ሆይ፣ ተለማማጅ የያዘ አሰልጣኝ ላይ ሌላ ሥራ አትደርቡበት። ትራፊኩ ሲበዛም፣ ዕይታው ሲደክምም «ልምምዱ ለዛሬ ይብቃ» ያለ አሰልጣኝ ለምን አልክ ተብሎ አይወቀስ።