ጥሩ ምስል ከጥሩ ጨለማ ይጀምራል፦ በአነስተኛ ገንዘብ የቤት ሲኒማ ፕሮጀክተር አመራረጥ

ሳሎንን ወደ አነስተኛ ሲኒማ ቤት የመለወጥ ሐሳብ ቀድሞ የባለጸጎች ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ከአንድ ቴሌቪዥን ባነሰ ዋጋ የሚሸጡ ፕሮጀክተሮች ይገኛሉ። በካርቶኖቻቸው ላይም «9,000 ሉመን»፣ «ኮንትራስት 10,000 ለ1»፣ «ሙሉ ኤች.ዲ. ይቀበላል» የሚሉ ቃላት በደማቅ ቀለም ታትመው ይታያሉ። ቤተሰብ ለወራት ያጠራቀመውን፣ ወይም የተማሪዎች ክበብ ከአባላቱ ያሰባሰበውን ገንዘብ ይዞ የሚሄድ ገዢ እነዚህን ቁጥሮች አምኖ ይገዛል። ማታ በግድግዳው ላይ የሚያየው ግን ደብዛዛና ጽሑፉ የማይነበብ ምስል ሊሆንበት ይችላል። አበው «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ይላሉና፣ ቁጥሮቹን ከግዥ በፊት ማጣራት ተገቢ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ወይም ያንን የንግድ ምልክት ግዙ ለማለት አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርናቸውን ጥቂት የፊዚክስ ሕጎች ይዘን ቁጥሮቹን እንዴት መመርመር እንደምንችል ለማሳየት ነው። የምርመራው ውጤትም ምናልባት ያልተጠበቀ ነው፤ በአነስተኛ ገንዘብ የተሻለ ምስል የሚገኘው ብርሃንን በመጨመር ሳይሆን በቅድሚያ ክፍሉን በማጨለም ነው።

ሉመን፣ ሉክስና የምስሉ ስፋት

ሉመን ከአንድ ምንጭ በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚወጣውን ብርሃን የሰው ዓይን በሚቀበለው መጠን መዝኖ የሚገልጽ መለኪያ ነው። ይህ ብርሃን በግድግዳ ላይ ሲያርፍ በምስሉ ስፋት ልክ ይከፋፈላል። በአንድ ሜትር ካሬ ላይ የሚያርፈው የሉመን መጠን ሉክስ ይባላል።

ለምሳሌ ያህል፣ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ ምስል እንውሰድ። የወርዱና የቁመቱ ምጣኔ 16 ለ9 ስለሆነ ቁመቱ 1.125 ሜትር፣ ስፋቱ 2.25 ሜትር ካሬ ይሆናል። ፕሮጀክተሩ በእርግጥ 500 ሉመን የሚሰጥ ከሆነ 500 ÷ 2.25 = 222 ሉክስ ገደማ በግድግዳው ላይ ያርፋል። የማያብረቀርቅ ነጭ ግድግዳ ይህን ብርሃን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል፤ ስለዚህም ወደ ተመልካቹ ዓይን የሚደርሰውን ድምቀት ለማግኘት ሉክሱን ለ3.14 እናካፍላለን። ውጤቱ 71 ካንዴላ በሜትር ካሬ ገደማ ነው።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ለዲጂታል ሲኒማ አዳራሾች የተደነገገው የነጭ ድምቀት 48 ካንዴላ በሜትር ካሬ ነው። ለ2 ሜትር ወርድ ይህንኑ ድምቀት ለማግኘት 48 × 3.14 × 2.25፣ ማለትም 340 ሉመን ገደማ ይበቃል። በሌላ አነጋገር፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ እውነተኛ 500 ሉመን ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን የምስሉን ወርድ ወደ 3 ሜትር ብናሳድገው ስፋቱ ከእጥፍ በላይ አድጎ ድምቀቱ ወደ 31 ካንዴላ በሜትር ካሬ ይወርዳል። ትልቅ ምስል የሚመኝ ሰው ይህን ስሌት አስቀድሞ ሊሠራ ይገባዋል።

የካርቶኑ ቁጥር ሊታመን ይችላልን?

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የአሜሪካ ደረጃ «አንሲ ሉመን» የተባለውን አለካክ ደንግጓል። በዚህ ዘዴ ነጭ ምስል በዘጠኝ እኩል ክፍሎች ይከፈላል፤ በየክፍሉ መሐል ያለው ሉክስ ይለካል፤ አማካዩም በምስሉ ስፋት ይባዛል። «አንሲ» ወይም ከእርሱ በኋላ የወጣው «አይ.ኤስ.ኦ.» የሚል ቃል ያልተጻፈበት የሉመን ቁጥር ግን በምን እንደተለካ አይታወቅም።

እዚህ ላይ የኃይል አለመጥፋት ሕግ ይረዳናል። ከመሣሪያው ጀርባ ወይም ከኃይል መስጫው ላይ የሚጠቀመው ዋት ተጽፎ እናገኛለን። ይህ ቁጥር 60 ዋት ነው እንበል። ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ከእያንዳንዱ ዋት ከ100 እስከ 150 ሉመን ያህል ይሰጣል። 9,000 ሉመን ለማግኘት እንግዲህ 60ው ዋት ሙሉ በሙሉ ለአምፖሉ ውሎ፣ አንዲት የብርሃን ጨረር እንኳ በመንገድ ሳትባክን ግድግዳው ላይ መድረስ አለባት። እውነታው ግን ሌላ ነው። ርካሽ መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በአንድ የኤል.ሲ.ዲ. ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ ያለው ፖላራይዘር ግማሽ ያህሉን ብርሃን ይውጣል፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማጣሪያዎች ደግሞ ከቀረው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ያሳልፋሉ። ሌንሱና መስተዋቱም የየድርሻቸውን ያባክናሉ። ስለዚህ የዚህ መሣሪያ እውነተኛ ብርሃን ከጥቂት መቶ ሉመን ሊበልጥ አይችልም።

አንባቢ ከፈለገ ሻጩን አስፈቅዶ በዘጠኙ ነጥቦች ላይ በስልክ የብርሃን መለኪያ ሊለካ ይችላል። የስልክ መለኪያ ፍጹም ትክክል ባይሆንም 300ን ከ9,000 ለመለየት ይበቃል።

ጥቁር ቀለም ከየት ይመጣል?

ፕሮጀክተር ብርሃን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በምስሉ ውስጥ ጥቁር ሆኖ የሚታየን ክፍል፣ መሣሪያው ብርሃን ያልላከበት ግድግዳ ነው። ስለሆነም የምስሉ ጥቁር ከክፍሉ ጨለማ ሊበልጥ አይችልም።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በሳሎኑ የሚበራው አምፖል በግድግዳው ላይ 100 ሉክስ ቢያሳርፍ፣ ነጩ 222 + 100 = 322 ሉክስ፣ ጥቁሩ 100 ሉክስ ይሆናል። የነጭና የጥቁር ንጽጽር 3.2 ለ1 ብቻ ነው፤ የካርቶኑ 10,000 ለ1 ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ገንዘብ ጨምረን 1,000 ሉመን የሚሰጥ መሣሪያ ብንገዛ ንጽጽሩ ወደ 5.4 ለ1 ከፍ ይላል። በአንጻሩ በ500ው ሉመን ረክተን፣ አምፖሉን አጥፍተንና ወፍራም መጋረጃ ሰቅለን የክፍሉን ብርሃን ወደ 2 ሉክስ ብናወርደው ንጽጽሩ 112 ለ1 ይሆናል። የመጋረጃ ጨርቅ ለምስሉ ጥራት ያደረገውን አስተዋጽኦ የሉመን እጥፍ ሊያደርገው አልቻለም።

የነጥቦች ብዛት

ሙሉ ኤች.ዲ. ምስል 1,920 በ1,080 ፒክሰሎች አሉት። «1080 ይቀበላል» ማለት ግን መሣሪያው ያን ያህል ፒክሰል አለው ማለት አይደለም፤ ምልክቱን ተቀብሎ ወደራሱ አነስተኛ የነጥብ ብዛት፣ ለምሳሌ ወደ 854 በ480 ያጭቀዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት መሣሪያው በራሱ ያለው የፒክሰል ብዛት ነው።

ጤነኛ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከአንድ ስድሳኛ ዲግሪ ገደማ ሲበልጥ ነው። ይህም ማለት የአንድ ፒክሰልን ወርድ በ3,440 ብናባዛ ፒክሰሎቹ የማይለዩበትን ርቀት እናገኛለን። በ2 ሜትር ወርድ ላይ የሙሉ ኤች.ዲ. ፒክሰል 1.04 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ርቀቱ 3.6 ሜትር ነው። በ1,280 በ720 መሣሪያ 5.4 ሜትር፣ በ854 በ480 ደግሞ 8 ሜትር ይሆናል። ከግድግዳው 3.5 ሜትር ያህል ርቆ ለሚቀመጥ ቤተሰብ ሙሉ ኤች.ዲ. ተመጣጣኝ ምርጫ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነ የፒክሰል ብዛት መክፈል ብዙም ትርፍ የለውም።

ከፍታ፣ ሙቀትና አምፖል

በአገራችን ደጋማ ከተሞች የሚኖር ገዢ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚዞር ማራገቢያ እዚህ የሚያስወግደው ሙቀት ያነሰ ነው። ብዙ የታወቁ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ማራገቢያውን የሚያፈጥን ልዩ ማስተካከያ በመሣሪያቸው ውስጥ ያኖራሉ። ይህን ማስተካከያ ፈልጎ ማብራት የመሣሪያውን ዕድሜ ይጠብቃል።

ከቢሮ ወይም ከትምህርት ቤት የወጡ ያገለገሉ ፕሮጀክተሮችም ጥሩ አማራጭ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብዙዎቹ እውነተኛ 2,000 ሉመንና ከዚያ በላይ ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ አንዳንዶቹ 1,024 በ768 ፒክሰል ብቻ ስላላቸው ለሰፊ ፊልም የሚውለው 1,024 በ576 ነው። የሜርኩሪ አምፖላቸውም በአብዛኛው ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዓት ያገለግላል፤ 4,000 ሰዓት በቀን 3 ሰዓት ቢሠራበት ከሦስት ዓመት ተኩል ጥቂት ያልፋል። ስለዚህ አምፖሉ የሠራበትን ሰዓት ከመሣሪያው ዝርዝር ውስጥ ማንበብ፣ ምትክ አምፖል በገበያ መኖሩንና ዋጋውን መጠየቅ ያስፈልጋል። መብራት በድንገት ሲጠፋም አምፖሉ ሳይቀዘቅዝ ማራገቢያው ስለሚቆም ጉዳት ሊደርስበት ይችላል።

ባጠቃላይ፣ የምርጫው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፦ በመጀመሪያ ክፍሉን ማጨለም፤ ቀጥሎ የምስሉን ወርድና የመቀመጫውን ርቀት መለካት፤ ከዚያ የሚያስፈልገውን ሉመንና የፒክሰል ብዛት ማስላት፤ በመጨረሻም ወደ መደብር መሄድ። አብዛኛው ገዢ የሚጀምረው ግን ከመጨረሻው ነው። ሜትርና እርሳስ ይዞ አንድ ምሽት በሳሎኑ የሚያሳልፍ ተማሪ፣ ለቤተሰቡ ወይም ለክበቡ በካርቶን ላይ ከታተመ ከማንኛውም ቁጥር የበለጠ ታማኝ መረጃ ይዞ ይወጣል።