ያረጀ የጥበቃ ውሻ ሲያነክስ

ገበሬ ሆይ! በረትዎን ለብዙ ዘመን የጠበቀ ውሻ ጧት ጧት ለመነሣት ሲቸገር፥ ሲሮጥም ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አጣምሮ እንደ ጥንቸል ሲዘል ያዩ እንደ ሆነ ሰነፈ ብለው አይፍረዱበት። ብዙ ጊዜ የሚያመው ዳሌው ነው።

የጭኑ አጥንት ክብ ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ስፍራ ገጥሞ መቀመጥ ይገባዋል። በአንዳንድ ውሾች፥ ይልቁንም በትልልቆቹ፥ ከቡችላነት ጀምሮ ሳይገጥም ይቀራል። መገጣጠሚያው ስለሚላላ የአጥንቱ ልስልስ ሽፋን እየተበላ ይሄዳል፤ በእርጅና ጊዜም ሕመሙ ይጠናል። ጉድለቱ በዘር ስለሚወረስ እንዲህ ያለውን ውሻ ለዘር አያውሉት።

ፈጽሞ ባይድንም እንዲህ ቢያደርጉለት ይቀለዋል፦

1ኛ/ እንዳይወፍር ምግቡን ይመጥኑ፤ የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ መታወቅ አለበት።

2ኛ/ በቀዝቃዛና በርጥብ መሬት አይደር፤ ደረቅ ጭድ ያንጥፉለት።

3ኛ/ ቀኑን ሙሉ መንጋ ሲከተል አይዋል፤ ታስሮም አይዋል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይራመድ።

4ኛ/ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለውን የሰው መድኃኒት አይስጡት፤ ጨጓራውን ሊያደማ፥ ኩላሊቱንም ሊጎዳ ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። የዳሌ ሕመም ቀስ በቀስ ይመጣል። ውሻው በጥቂት ቀን ውስጥ እግሩ ከሰለለ፥ ለሐጩ ከተዝረበረበ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። አይንኩት፤ ለልማት ሠራተኛው ወይም ለእንስሳት ሐኪም ያስታውቁ። ሰው ነክሶ እንደ ሆነ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡ፤ የተነከሰውንም ሰው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ።