የኮርፐሮቹ ዓመት

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የናይጄሪያ የገንዘብ ሚኒስትር ኬሚ አዴኦሱን ከሥልጣናቸው ለቀቁ። ያስለቀቃቸው የጎደለ በጀት ሳይሆን አንዲት ወረቀት ናት። «ከብሔራዊ አገልግሎት ነፃ ናቸው» የሚለው ማስረጃቸው ፎርጅድ መሆኑን አንድ ጋዜጣ አጋለጠ። ሚኒስትሯ ወረቀቱን ሌሎች ሰዎች እንዳስወጡላቸው፣ ሐሰተኛ መሆኑንም እንደማያውቁ ተናገሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ አቡጃ የተቀመጠ ፍርድ ቤት፣ ሲመረቁ የእንግሊዝ ዜጋ ስለነበሩ ድሮውንም የማገልገል ግዴታ አልነበረባቸውም ሲል ፈረደ። ወንበሩ ግን አንዴ ሄዷል።

ሚኒስትር የሚጥለውን ይህን ወረቀት የሚሰጠው ተቋም ብሔራዊ የወጣቶች አገልግሎት ኮር ይባላል፤ ናይጄሪያውያን ኤንዋይኤስሲ ብለው ያሳጥሩታል። ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከከፍተኛ ፖሊቴክኒክ 30 ዓመት ሳይሞላው የተመረቀ ሁሉ፣ ወንድ ሆነ ሴት፣ አንድ ዓመት ያገለግላል፤ አገልጋዩም ኮርፐር ይባላል። እንደ ደንቡ የሚያገለግለውም ከትውልድ ግዛቱ ርቆ ነው። ይህን ሳይፈጽም ወይም ነፃ ሳይባል መደበኛ ሥራ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ቀጣሪው ከዲግሪው ቀጥሎ የሚጠይቀው የአገልግሎቱን ሰርተፍኬት ነውና።

ነገሩ የተወለደው ከደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በሰሜን ናይጄሪያ ብዙ ኢግቦዎች ተጨፈጨፉ፤ የተረፉት ወደ ትውልድ ቀያቸው ወደ ምሥራቅ ሸሹ። በዓመቱ ምሥራቁ ቢያፍራ ብሎ ተገነጠለ፤ ጦርነቱና ረሃቡ እስከ ጥር 1970 ቆየ። አሸናፊው ጄኔራል ያኩቡ ጎዎን አሸናፊም ተሸናፊም የለም አሉ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1973 በአዋጅ ቁጥር 24 ኮሩን አቋቋሙ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ የተማረው ወጣት ነገ ሹም ይሆናል፣ ሹም ከመሆኑ በፊት የሚፈራውን ሕዝብ ጎረቤት ሆኖ ይየው። ወጣቶቹ ግን ወዲያው እሺ አላሉም፤ ተማሪዎች ተቃውመው አደባባይ ወጥተው ነበር።

እኛ አገር የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ በየቤቱ ያለውን ልብ ምታት የሚያውቅ አንባቢ ምሩቁን የሚመድበው የጥሪ ደብዳቤ የሚደርስበትን ቀን ለመገመት አይቸገርም። ሌጎስ ተወልዶ ያደገው ዮሩባ ደብዳቤውን ሲከፍት ሰሜን ጫፍ ሶኮቶ ይላል፤ የሰሜኗን የካኖ ልጅ የደቡቡ የባየልሳ ረግረግ ይደርሳታል። ያገባች ሴት ባሏ ባለበት ግዛት እንድትመደብ፣ ሕመም ያለበትም እንዲዛወር ይፈቀዳል። ሌላው «ዘመድ» ይፈልጋል። ዘመድ በእኛ ብቻ የሚሠራ መድኃኒት አይደለም።

መጀመሪያ የሦስት ሳምንት ካምፕ አለ። ገና ሳይነጋ መለከት ይነፋል። ነጭ ቲሸርትና ነጭ ቁምጣ የለበሱ ምሩቃን በወታደር ትእዛዝ ይሮጣሉ፣ ይሰለፋሉ፤ ከዚያ ስለ አካባቢው ባህልና ስለ ሥራ ፈጠራ ገለጻ እየሰሙ ያንቀላፋሉ። የካምፑ ነፍስ ያለው ግን ማሚ ማርኬት በሚሉት የጉልት ገበያ ነው። የካምፑ ወጥ ያልጣመው እዚያ ሱያ የሚሉትን ቅመም የበዛበት ጥብስ ይበላል፣ ፎቶ ኮፒ ያስነሣል፣ ማታ ይጨፍራል። እንደኔ ግን ካምፕ አገርን አያስተዋውቅም፤ ምሩቅን ከምሩቅ ነው የሚያስተዋውቀው፣ እነሱም ቢሆን በእንግሊዝኛና በፒጂን ይግባባሉ።

ትውውቁ የሚጀምረው ከካምፕ በኋላ፣ ምድብ ሥራ ላይ ነው። አብዛኛው አስተማሪ ይሆናል፤ ምሕንድስና የጨረሰው ሒሳብ፣ ባንክ ቤት የተመኘችው እንግሊዝኛ ታስተምራለች። መምህር ያጣ የገጠር ትምህርት ቤት በእነዚህ ልጆች ቆሟል ቢባል አልተጋነነም። በሳምንት አንድ ቀን ካኪያቸውን ለብሰው ለአካባቢው ልማት ይወጣሉ። በየወሩ «ሥራ ላይ ነበር» የሚል ደብዳቤ ከአለቃቸው ካላመጡ አላዊ የሚሏት አበላቸው አትከፈልም። አላዊ እ.ኤ.አ. በ2020 33,000 ናይራ ነበረች፤ ኑሮው ሲንር ከ2025 ጀምሮ 77,000 ሆነች። ማደሪያ ያጣውን ብዙ ጊዜ የክርስቲያን ወይም የሙስሊም ኮርፐሮች ማኅበር ያስጠጋዋል። መንደርተኛው ስሙን መጥራት ቢያቅተው «ኮርፐር!» ይለዋል፤ ገበያ ሲወጣ ሕፃን አዋቂው በዚሁ ይጣራል።

እንግዳ መሆናቸው ለምርጫ ቦርድም ጠቀመ። ለአካባቢው ፖለቲከኛ አያዳሉም ተብለው በየምርጫ ጣቢያው ድምፅ ያስሰጣሉ፣ ይቆጥራሉ። ያው እንግድነት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011 አስገደላቸው። የደቡቡ ጉድላክ ጆናታን በፕሬዚዳንትነት ምርጫ የሰሜኑን ሙሐማዱ ቡሃሪን ማሸነፋቸው ሲነገር በሰሜን ሁከት ተነሣ፤ በባውቺ ግዛት ብቻ አሥር ኮርፐሮች ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ በወንበዴዎች መንገድ ላይ የታገቱም አሉ። ወላጅ «ልጄን ለምን ወደዚያ ትልካላችሁ?» ሲል ምላሽ የሚሰጠው የለም። ስጋት ወዳለበት ግዛት መላክ ቀርቶ ልጆቹ ቅርብ ቅርብ ሲመደቡ ደግሞ የጎዎን ሐሳብ ይከሽፋል። ኮሩ ይቅር የሚል ድምፅ በየጊዜው ይነሣል፤ ሆኖም የኮሩ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1999ኙ ሕገ መንግሥት ልዩ ከለላ ስላለው፣ ለመሻር የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የግዛት ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ይሁንታ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ በዚህ ጎዳና ናይጄሪያን ቀድማታለች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ እነሱም በአብዛኛው ያስተምሩ ነበር። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው፤ የእኛዎቹ የሚሄዱት ከመመረቃቸው በፊት ነበር። የጭሰኛውን ኑሮ ካዩ በኋላ ስድስት ኪሎ ተመልሰው አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ዶርም ውስጥ ያየነው ይህ ነው ተባባሉ፤ ያስተማሯቸው የጠቅላይ ግዛት ልጆችም የተማሪውን እንቅስቃሴ ቀመሱ። መንግሥት ከጠበቀው በላይ አገኘ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ሲያዘምት፣ ብዙው ዘማች ከደርጉ ጋር ተጣላ።

ኮርፐር ግን ተመልሶ የሚሰበሰብበት ግቢ የለውም። የመሰናበቻ ሰልፉን ይሰለፋል፣ ሰርተፍኬቱን ይቀበላል፣ በየፊናው ሥራ ፍለጋ ይበተናል። ሶኮቶ ያየውን ሌጎስ ለቤተሰቡ ያወራ ይሆናል እንጂ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ጥያቄ አድርጎ አያነሣውም። ጎዎን ራሳቸው ኮሩን ባቋቋሙ በሁለት ዓመታቸው በመፈንቅለ መንግሥት ወርደው፣ ኮሩ ከዚያ ወዲህ የመጡትን ጄኔራሎችና ፕሬዚዳንቶች ሁሉ አልፎ እስከ ዛሬ የዘለቀው ለዚህም ይመስለኛል።